ልዩ ስብስቦችን በአንድ ክፍል እናሰባስብ ወይስ በየቅርንጫፉ እንተዋቸው?

ጥያቄ (የዋናው ቤተ መጻሕፍት ባልደረባ)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ የምሠራው አንድ ዋና ቤተ መጻሕፍትና በየኮሌጁ የሚገኙ ቅርንጫፎች ባሉት የክልል ዩኒቨርሲቲ ነው። ባለፉት ዓመታት በስጦታ የመጡ ቆየት ያሉ መጻሕፍት፣ የብራና ጽሑፎች፣ ካርታዎችና ፎቶግራፎች ገቢ የሚደረጉት ስጦታውን በተቀበለው ቅርንጫፍ ስለነበር፣ ዛሬ ምን የት እንዳለ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አንድም ክፍል የለም። አሁን በዋናው ሕንፃ ለልዩ ስብስብ የሚሆን ክፍል ስለተፈቀደ ሁሉም ወደዚያ ይዛወር የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ የቅርንጫፍ ኃላፊዎች ግን አልተስማሙም። ከዚህም ሌላ በሞት የተለዩ አንድ መምህር ደብዳቤዎች፣ የመስክ ማስታወሻዎችና ረቂቆች በካርቶን ታጭቀው ደርሰውናል። ምን ይዛወር፣ ምን ይቅር? የመምህሩንስ ወረቀቶች እንደ መጽሐፍ አንድ በአንድ ካታሎግ ውስጥ እናስገባቸው?

መልስ (የካታሎግ ባለሙያ)

ዕድሜ ብቻውን መስፈርት ሊሆን አይገባም። እኔ የምጠይቀው «ይህ ቅጂ ቢጠፋ ሌላ ገዝተን መተካት እንችላለን ወይ?» የሚለውን ነው። የታወቀና በብዛት የታተመ መጽሐፍ እንኳ በኅዳጉ ላይ የቀድሞ ባለቤቱ የጻፈው ማስታወሻ ካለበት የማይተካ ቅጂ ይሆናል፤ በአንጻሩ ብዙ ዓመት ያስቆጠረ የመማሪያ መጽሐፍ ስላረጀ ብቻ የተጠበቀ ክፍል አያስፈልገውም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድም ዕቃ ሳይነሣ ባለበት ቦታ ይመዘገብ። የየትኛው ቅርንጫፍ እንደነበረ፣ በየትኛው መደርደሪያ ላይ ከምን አጠገብ እንደተቀመጠ፣ ምን ማኅተምና ምን የስጦታ ጽሑፍ እንዳለበት ከዝውውሩ በኋላ ማወቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው። የምትጠቀሙት የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ኮሃ (Koha) ከሆነ ለእያንዳንዱ ቅጂ ባለቤት የሆነውን ቅርንጫፍና ቅጂው አሁን ያለበትን ቅርንጫፍ ለየብቻ ይመዘግባል። ስለዚህ መጽሐፉ ወደ ዋናው ሕንፃ ቢዛወርም የቅርንጫፉ ንብረትነት በካታሎጉ ላይ ሊቆይ ይችላል፤ የኃላፊዎቹ ቅሬታ ግማሹ በዚሁ የሚቃለል ይመስለኛል። በውሰት እንዳይወጣም «የማይዋስ» የሚል ምልክት ይደረግበት። ባር ኮዱን በጥንታዊ ሽፋን ላይ መለጠፍ ፈጽሞ የማይገባ ስለሆነ ከአሲድ ነጻ በሆነ ቁራጭ ወረቀት ላይ ለጥፋችሁ በገጾቹ መካከል አስገቡት።

መልስ (የቅርንጫፍ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ)

ቅሬታችን በንብረትነት ላይ ብቻ አይደለም። የቆዩ የአፈር ካርታዎችን የሚጠቀሙት የግብርና ተማሪዎችና መምህራን ናቸው፤ ካርታዎቹ ከምሽቱ በፊት ወደሚዘጋና በቀጠሮ ብቻ ወደሚያስተናግድ ክፍል ከገቡ ተጠቃሚያቸውን ያጣሉ። ዝውውሩ ተገቢ ነው ከተባለ አንባቢው በቅርንጫፉ ሆኖ ጥያቄ የሚያቀርብበት፣ ለትምህርት የሚፈለጉት ካርታዎችም ቅጂያቸው በቅርንጫፉ የሚቀርበት አሠራር አብሮ በጽሑፍ ይደንገግ።

መልስ (የቤተ መዛግብት ባለሙያ)

የቀደሙት ሁለቱም መልሶች ትክክል ናቸው፤ የመምህሩ ወረቀቶች ግን በሌላ ሕግ ይመራሉ። የግል ወረቀቶች ትርጉም የሚያገኙት እርስ በርስ ባላቸው ግንኙነት ስለሆነ፣ ደብዳቤውን ወደ ታሪክ፣ የመስክ ማስታወሻውን ወደ ሥነ ሕይወት ቅርንጫፍ መበተን ስብስቡን ማፍረስ ነው። ከአንድ ሰው የመጣው ከሌላ ሰው ከመጣው ጋር አይቀላቀልም፤ ባለቤቱ ያኖሩበት ቅደም ተከተልም በግልጽ የሚታይ ከሆነ ይጠበቃል። ካርቶኑን ስትከፍቱ አቃፊዎቹ የነበሩበትን ሁኔታ ፎቶ አንሡ፤ በአቃፊው ላይ የተጻፈውንም እንዳለ ገልብጡ፣ «አታስተካክሉት»።

አንድ በአንድ ካታሎግ ማድረግ አያስፈልግም፤ ከጀመራችሁትም የሚያልቅ አይሆንም። ዓለም አቀፉ የቤተ መዛግብት ምክር ቤት በ1994 እ.ኤ.አ. አውጥቶ በ2000 ያሻሻለው የሰነዶች ገለጻ ደረጃ (ISAD(G) የተባለው ስታንዳርድ) ከጠቅላላ ወደ ዝርዝር መውረድን ያዛል፤ በመጀመሪያ ስብስቡ በሙሉ፣ ከዚያ ዋና ዋና ክፍሎቹ፣ ከዚያም አቃፊዎቹ ይገለጻሉ። በዚሁ ደረጃ መሠረት ሊቀሩ የማይገባቸው ስድስት ነጥቦች መለያ ቁጥር፣ ርእስ፣ የሰነዶቹ አመንጪ፣ ዘመን፣ መጠን እና የገለጻው እርከን (ስለ ሙሉው ስብስብ፣ ስለ ክፍሉ ወይስ ስለ አቃፊው መሆኑ) ናቸው። እነዚህን የያዘ አንድ ገጽ አዘጋጅታችሁ በካታሎጉ ላይ ብታወጡት ተመራማሪው ስብስቡ መኖሩን ያውቃል፤ ዝርዝሩ ቀስ በቀስ ይደርሳል።

ተጨማሪ ጥያቄ (ጠያቂው)

ለዝርዝር መልሳችሁ አመሰግናለሁ። አንዳንድ መጻሕፍት ላይ ብል ታይቷል። ክፍሉ ምን ዓይነት ይሁን? ሁሉንም ስካን አድርገን ዋናውን ብንቆልፍበትስ?

መልስ (የጥበቃና እንክብካቤ ባለሙያ)

ብል የታየበት መጽሐፍ ወደ አዲሱ ክፍል ከመግባቱ በፊት ተለይቶ ይቀመጥ። መርዝ ከመርጨት ይልቅ በፕላስቲክ ከረጢት በሚገባ አሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ለሁለት ሳምንት ማቆየት የተለመደ ዘዴ ነው። ሲወጣ ከረጢቱ የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ አይከፈት፤ አለዚያ ከአየሩ የሚመጣው እርጥበት ወረቀቱ ላይ ጤዛ ይሆናል። ብራና እና ፎቶግራፍ ካለ ግን በዚህ መንገድ ከማስኬዳችሁ በፊት ልምድ ያለው ሰው ይየው።

ለክፍሉ የመስኮት ብርሃን የማያገኘውን፣ ከላዩ የውኃ ቧንቧ የማያልፍበትንና ወለሉ ከመሬት በታች ያልሆነውን ምረጡ። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሲቆይ ሻጋታ ይመጣል፤ ሙቀቱም በዝቅተኛ ደረጃ ሳይዋዥቅ ቢቆይ ይመረጣል። ሌሊት የሚጠፋ የአየር ማቀዝቀዣ በየቀኑ መዋዠቅን ስለሚያመጣ አንዳንዴ ከምንም አይሻልም። ቴርሞሜትርና የእርጥበት መለኪያ ርካሽ ስለሆኑ ሌላውን ከመግዛታችሁ በፊት በእነርሱ መዝግቡ።

በንባብ ክፍሉ እርሳስ ብቻ ይፈቀድ። ለመጽሐፍ ጓንት አያስፈልግም፤ ንጹሕና ደረቅ እጅ ገጹን ለመግለጥ የተሻለ ነው፤ ጓንቱ ለፎቶግራፍ ይሁን። ስካኑን በተመለከተ፣ የሚጠየቁትንና የሚበላሹትን ብቻ አስቀድሙ። ዋናው ፋይል የምስሉን ጥራት ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው በቲፍ (TIFF) ቅርጸት፣ ለአንባቢ የሚሰጠው በፒዲኤፍ ይሁን፤ ቢያንስ አንድ ቅጂም ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ። ዲጂታል ቅጂ ዋናውን ከመነካካት ይታደገዋል እንጂ አይተካውም፤ የወረቀቱ ዓይነት፣ ቀለሙና ጥራዙ ራሳቸው ማስረጃ ናቸው።

መልስ (የሕግ ቤተ መጻሕፍት ባልደረባ)

ስካን ከማድረጋችሁ በፊት ከመምህሩ ወራሾች ጋር የተፈረመ የስጦታ ውል መኖሩን አረጋግጡ። ወረቀቱን ማግኘት የቅጂ መብቱን ማግኘት አይደለም፤ ለመምህሩ የተላኩ ደብዳቤዎች መብታቸው በአብዛኛው የጸሐፊዎቻቸው ነው። የሕክምና ወይም የተማሪ ውጤት መረጃ ያለባቸው አቃፊዎች ተለይተው እስከ መቼ ዝግ እንደሚቆዩ በውሉ ላይ ይገለጽ፤ ያልተስማማችሁበትንም ክፍል በበይነ መረብ ላይ ሳትለቁ በንባብ ክፍሉ ብቻ አቅርቡት።