የሴት ጺም ነገር፦ ሕክምና ነው ወይስ ውበት?

አወያይዋ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለውበት የሚደረግ ሕክምና አይሸፍንም። ፒሲኦኤስ በሚባለው የሆርሞን መዛባት ጺም የምታወጣ፣ የአናት ፀጉሯ የሚሳሳ ሴት ስትታከምስ? መድኑ ይክፈልላት? ስድብ አልፈልግም።

ብርሌ፦ እኔ አይክፈል ባይ ነኝ። ስንቱ መድን ይዞ ሄዶ «መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ» እየተባለ ይመለሳል። ወባና ወሊድ ይቅደም። ምላጭ ስንት ነው?

አገጬ፦ ወንድሜ ብርሌ፣ ምላጩን እኔም አውቀዋለሁ። ጠዋት ዓይኔ ሳይገለጥ እጄ አገጬ ላይ ነው። ወረንጦ ከቦርሳዬ አይጠፋም። ታክሲ ውስጥ መስኮት ጋ አልቀመጥም፣ ብርሃኑ ያሳብቃል። አናቴ ደግሞ መሃል ለመሃል ስለሳሳ ያለ ሻሽ አልወጣም። «እላይ እየረገፈ እታች የሚበቅለው ምን ጉድ ነው?» ብዬ ሐኪሜን ብጠይቃት፣ የሁለቱም ጠንቅ አንድ ሆርሞን ነው አለችኝ።

ፋርማሲስቱ፦ ልክ ናት። አንድሮጅን የሚባለው ሆርሞን የፊትን ለስላሳ ፀጉር ያወፍራል፣ ያጠቁራል። አናት ላይ ግን ሥሩን ያቀጭጨዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 እስከ 13 በመቶው ፒሲኦኤስ አለባቸው። አብዛኞቹም አያውቁትም። የወር አበባ መዛባትና የስኳር በሽታ ስጋት አብሮት ይመጣል። ጺሙ ምልክት ነው እንግዲህ። ደግሞ ብርሌ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዘው የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ነው። ፀጉሩ ላይ ለውጥ ለማየት 6 ወር ገደማ መታገስ ነው። ስፓይሮኖላክቶን የሚባለውም አለ፤ እርግዝና ላይ ግን አይወሰድም። ከጓደኛ ተቀብላችሁ እንዳትውጡ፣ አደራ!

የሰባት ልጆች እናት፦ ልጆቼ፣ በእኛ ጊዜ «ስትወልጂ ይተውሻል» ነበር የሚባለው። እህቴ አራት ወለደች። ጺሙ ከእሷ ጋር አረጀ።

ብርሌ፦ እማማ አሳቁኝ። እሺ፣ ምርመራውና እንክብሉ ይሁን። ፀጉሩን በጨረር የሚያጠፋው ሌዘርስ? እሱንም ከድሃ መዋጮ?

የለንደኗ፦ ብርሌ እዚህ ላይ እውነት አለው። እንግሊዝ እንኳ ሌዘር በመንግሥት ወጪ ማግኘት እንደየሰፈሩ ነው፤ አንዷ ታገኛለች፣ ጎረቤቷ አታገኝም። የእኛን ቆዳ ደግሞ ሁሉም ሌዘር አይስማማውም። ለጥቁር ቆዳ ኤንዲ ያግ የሚባለው ይሻላል። የማያውቅ ሰው እጅ ከገባችሁ አቃጥሎ፣ ጠባሳ ጥሎባችሁ ነው የሚሸኛችሁ።

ፋርማሲስቱ፦ አንድ ነገር ረሳሁ። ጺሙ በጥቂት ወራት ውስጥ ድንገት ከመጣ፣ ድምፅም ከጎረነነ፣ ቶሎ ሐኪም ጋ። ሰውነት ውስጥ የበቀለ ዕጢ ሊሆን ይችላል። ይሄን የሚለየው ምርመራ ነው፣ ምላጭ አይደለም።

አገጬ፦ እኔ ሌዘር መቼ ጠየቅኩ? መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ይሄ የቁንጅና ጉዳይ ነው» ብሎ መለሰኝ። ወር አበባዬ ከቀረ አምስት ወሩ ነበር። አልጠየቀኝም።