ዝንብ ስለ ካንሰር ምን ታውቃለች?

ጠያቂ፦ ሰላም ሰዎች። የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ዕጢ እንዳይወጣ የሚገቱ ጂኖች በፍራፍሬ ዝንብ ይጠናሉ ሲሉ ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ግን የምር፣ ያቺ ሙዝ ላይ የምታንዣብብ ነገር ስለ ሰው ካንሰር ምን ትነግረናለች?

መልስ 1፦ ብዙ! በ25 ዲግሪ ሙቀት ከእንቁላል እስከ አዋቂ 10 ቀን ገደማ ነው የሚፈጅባት። አይጥ ወራት ታስጠብቅሃለች። ደግሞ ሰው ውስጥ ሁለት ሦስት አምሳያ ያለው ጂን እሷ ጋ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ስታጠፋው የሚተካው ስለሌለ ጉዱ ቶሎ ይታያል።

መልስ 2፦ ምሳሌ ልጨምር። በ1995 ዕጢ ከሚገቱት ጂኖች አንዱ፣ ዋርትስ ወይም ላትስ የተባለው፣ ይፋ ሆነ። ዘዴው ደስ ይላል፦ ጂኑ ከመላ አካሏ ከጠፋ ዝንቧ ስለምትሞት ከጥቂት ሴሎች ብቻ ያጠፉታል፣ እነዚያ ልጓሙ እንደተፈታ ፈረስ ሲባዙ ጎረቤቶቻቸው ግን አርፈው ይቀመጣሉ። ማነጻጸሪያው እዚያው አጠገቡ ነው። በ1999 ደግሞ የዚሁ ጂን የሰው አምሳያ የሆነውን ላትስ1 የላትስ ጉድለት ላለባቸው ዝንቦች ሰጧቸው፤ ከሞት ተረፉ።

ጠያቂ፦ ቆይ ቆይ፣ የሰው ጂን ዝንብ ውስጥ ሠራ?!

መልስ 2፦ አዎ፣ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ደግሜ ነው ያየሁት።

መልስ 3፦ ብቻ አታጋንኑት። ዝንብ ጡትም ሳንባም የላትም፣ ደሟም እንደኛ በደም ሥር አይዘዋወርም። ሴል "በቃ" የሚባልበትን መንገድ ታሳያለች እንጂ መድኃኒቱ አይጥም ሰውም ላይ መፈተሹ አይቀርም።