ድልም ሽንፈትም ያላወረዳቸው፦ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ

የመከራከሪያው ጥያቄ፦ ጦርነት መሪን በሥልጣኑ ያጸናዋል ወይስ ያወርደዋል? አምባገነንስ በሕዝብ ዘንድ ቅቡልነትን የሚያገኘው ከጦር ሜዳ ድል ነውን?

የቀድሞ ወታደር፦
እኔ ድል ቅቡልነትን ይሰጣል ባይ ነኝ፤ ይህንንም በዓይኔ አይቻለሁ። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ደርግ በከተማው የሚፈራና የሚጠላ መንግሥት ነበር። ገበሬው ግን እርፉን ጥሎ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ። በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ፣ ቆይቶም ጅጅጋን ያዘ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ስናደርግ፣ ትናንት ሊቀ መንበር መንግሥቱን ይረግም የነበረ ሰው «አገር አዳኝ» ብሎ ሲጠራው ሰምቻለሁ። ይህ በካድሬ ትእዛዝ የመጣ ቃል አልነበረም።

የታሪክ መምህርት፦
ጋሼ፣ የሰሙትን አልጠራጠርም፤ ለከፈሉት መሥዋዕትነትም ታላቅ አክብሮት አለኝ። ነገር ግን ድሉ መንግሥቱን በሥልጣን አቆየው ካልን፣ የተሸነፈው የሶማሊያ መሪ ዚያድ ባሬ ለምን እንደቆየ ማስረዳት ይኖርብናል። ጦሩ ከኦጋዴን በወጣ በአንድ ወር ውስጥ፣ በሚያዝያ 1970 ዓ.ም.፣ የገዛ መኮንኖቹ ሊገለብጡት ሞክረው ከሸፈባቸው፤ ከዚያ በኋላ ሥልጣኑን ይበልጥ በጎሳ ዘመዶቹ እጅ አሰባስቦ፣ የተጠረጠረውንም ወገን በጅምላ እየቀጣ 13 ዓመት ያህል ገዛ። ከሞቃዲሾ የተባረረው በጥር 1983 ዓ.ም. ሲሆን፣ ድል አድራጊው መንግሥቱ ወደ ዚምባብዌ የኮበለለው በዚያው ዓመት ግንቦት 13 ቀን ነው። አንዱ አሸንፎ፣ ሌላው ተሸንፎ፣ የወደቁበት ጊዜ የሚለያየው በአራት ወር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ያቆያቸው የጦርነቱ ውጤት አይደለም፤ ጦርነቱ የሰጣቸው ሰበብ ነው እላለሁ። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» በተባለበት ወቅት ቀበሌዎች ታጥቀው ወጣቱን በቀይ ሽብር ይጨርሱ ነበር፤ የተቃወመ ሁሉ ከወራሪው ጋር ተደምሮ ይቆጠር ነበር።

የሕግ ተማሪ፦
የአርጀንቲናውን ወታደራዊ መሪ ጋልቲዬሪን ምን ልንለው ነው? እ.ኤ.አ. በሰኔ 1982 ጦሩ ፎክላንድ ደሴቶች ላይ ለእንግሊዝ እጅ በሰጠ በሳምንቱ ውስጥ ሥልጣኑን ተነጥቋል። ቸርችል ደግሞ አሸንፎም እንኳ፣ ጀርመን እጅ በሰጠች ሦስት ወር ሳይሞላ በምርጫ ወርዷል።

የታሪክ መምህርት፦
ቸርችልን ያወረደው የምርጫ ካርድ ነው፤ የእኛ ጥያቄ ካርድ በሌለበት አገር ምን ይሆናል የሚል ነው። ጋልቲዬሪ ግን ክርክሬን ያጠናክርልኛል። እርሱን ያወረዱት የሥራ ባልደረቦቹ ጄኔራሎች ናቸው፤ አጠገቡ ተቀምጠው «በቃህ» ሊሉት የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። መንግሥቱ እንዲህ ያሉትን ሰዎች አስቀድሞ አጥፍቷቸዋል። የደርግ ሊቀ መንበር የነበሩት ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ከጦርነቱ በፊት በጥር 1969 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ምክትሉ አጥናፉ አባተ ደግሞ ጅጅጋ ገና በሶማሊያ ጦር እጅ ሳለች በኅዳር 1970 ዓ.ም. ተረሸኑ። አገር በተወረረችበት ወቅት ይህን ማን ሊጠይቅ ይችል ነበር?

የቀድሞ ወታደር፦
እህቴ፣ ስለ አጥናፉ ያነሡት እውነት ነው፤ ያኔ ግንባር ላይ ሆነን ስንሰማ ዝም ብለናል፣ ዝምታችንንም ዛሬ አላጸድቀውም። ሆኖም ቅቡልነቱ ከነጭራሹ አልነበረም ከተባለ አልስማማም፤ ለጥቂት ዓመታት ነበረ፣ ሰሜኑ ጦርነት ግን በላው። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ያለው የጦራችን ሰፈር አፋቤት በአማፅያን እጅ ከወደቀ በኋላ መንግሥቱና ዚያድ ባሬ አንዱ የሌላውን አማፅያን ላለመደገፍ ተፈራረሙ፤ እኔም ከምሥራቅ ተነሥተው ወደ ሰሜን ከተላኩት ክፍሎች በአንዱ ውስጥ ነበርሁ። ከመጓዛችን በፊት ሶማሊያ ከእንግዲህ ጠላታችን እንዳልሆነች ተነገረን። ካራማራ ላይ የቀበርናቸውን ጓዶቻችንን ስም አንድም ሰው አላነሣም፤ መኪናው ላይ ወጥተን ሄድን።