«የባሕር ወንበዴ» ወይስ «የባሕር ሽፍታ»?

ተርጓሚው፦ ስለ ሶማሊያዋ የወደብ ከተማ ሆቢዮ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። መርከብ የሚያግቱትን ሰዎች ምን ልበላቸው? ጋዜጦቻችን «የባሕር ወንበዴ» ይላሉ። ሰዎቹ ግን ነገሩን የጀመርነው ዓሣችንን የሚዘርፉ የውጭ መርከቦችን ለማባረር ነው ባዮች ናቸው። ታዲያ «ሽፍታ» አይሻልም?

ቃል ለቃሚ፦ አይሻልም። ሽፍታ ቂም አለው፤ ተበድያለሁ ብሎ ነው ጫካ የሚገባው። ቋራ ላይ የሸፈተው ካሣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነግሧል። ቃሉ ለፍቅር እንኳ ይሆናል፦ «ልቡ ሸፈተ» እንላለን፤ «ልቡ ወነበደ» ያለ ሰው ግን አልሰማሁም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 ፋይና የተባለችው መርከብ ከዩክሬን 33 ታንክ ጭና ስትመጣ ተያዘች። ሆቢዮ አጠገብ መልሕቅ አስጥለው ከአራት ወር በላይ አገቷት፤ የተለቀቀችው 3.2 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ እንደሆነ ተዘግቧል። ታንክ የጫነ መርከብ ከዓሣ ጋር ምን አገናኘው? ውንብድና ነው።

የድሬ ልጅ፦ ጋሼ፣ በመደምደሚያው እስማማለሁ፤ በመንገዱ ግን አልስማማም። «ወንበዴ» ንጹሕ ቃል አይደለም። ደርግ በሰሜን የሚወጉትን ሁሉ በዚህ ስም ሲጠራ ሰምተን አድገናል። «ሽፍታ»ም ቢሆን ለሶማሌ ጆሮ ሌላ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1967 በሰሜን ምሥራቅ ግዛቷ የተነሡባትን ሶማሌዎች የጠራችው በዚሁ በእኛው ቃል ነበር፤ ጦርነቱም «የሺፍታ ጦርነት» ተባለ። ሶማሌው ራሱ «ቡርዓድ ባዴድ» ይላል፤ «ቡርዓድ» ወንበዴ፣ «ባድ» ባሕር። ቃል በቃል የባሕር ወንበዴ ማለት ነው። አጋቾቹ ለራሳቸው የመረጡት ስም ግን «ባድባዲን» ከሚለው የተወሰደ ነው፤ ማዳን ማለት ነው። የባሕር አዳኞች ነን ማለታቸው ነው እንግዲህ!

ተርጓሚው፦ የከተማዋስ ስም? ምንጬ አንድ ቦታ «ኦቢያ» ይላል።

የድሬ ልጅ፦ ኦቢያ የጣሊያኖች አጠራር ነው። ሽማግሌዎች ስሙን «ሆ ቢዮ» ብለው ይፈቱታል፦ «እንካ ውኃ»። ለግመል ጠባቂ ጥሩ ጉድጓድ ያላት ቦታ ነበረች አሉ። ዛሬ ግን ውኃ ሳይሆን አሸዋ ነው የሚመጣባት፤ ክምሩ በግድግዳ ላይ እየወጣ ቤት ይቀብራል።

ቃል ለቃሚ፦ ስለ ሆቢዮ ሲነሣ ወንበዴ ብቻ መወራቱ ደግሞ ያናድደኛል። የሱልጣን ዩሱፍ ዓሊ ኬናዲድ መቀመጫ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1888 ከጣሊያን ጋር የጥበቃ ውል ፈረመ፤ በ1925 ያው ጣሊያን ልጁን ሱልጣን ዓሊን ወግቶ ከዙፋን አወረደው። የዓሊ ወንድም ዑስማን ደግሞ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ግድም ለሶማሊኛ የራሱን ፊደል ቀረጸ፤ «ዑስማንያ» ይባላል። እንደ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል። መንግሥት በ1972 የላቲኑን መርጦ ተወው እንጂ፣ እዚህ ለተሰበሰብነው ከ33ቱ ታንክ ይልቅ ይህ ይበልጥብን ነበር።

ተርጓሚው፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። «የባሕር ወንበዴ» ብዬዋለሁ። «ባድባዲን»ን እንዳለ ትቼ ትርጉሙን ከጎኑ አስቀምጫለሁ። «ኦቢያ»ንም ሰርዤ «ሆቢዮ» አድርጌዋለሁ። ስለ ፊደሉ ጽሑፉ አንድም ቃል የለውም፤ የተርጓሚ መግቢያ ከተፈቀደልኝ እዚያ አስገባዋለሁ።