ክርክር፦ የከተማው የሙዚቃ አዳራሽ ፒያሳ ዳር ይሠራ ወይስ ይቅር?

ከፋች፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሁን ኮንሰርት የምንሰማው በአብዛኛው ለቴአትር፣ ለስብሰባ ወይም ለኤግዚቢሽን በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ከመሠረቱ ለሙዚቃ የታሰበ የሕዝብ አዳራሽ ትሥራ ብንል ቦታው የት ይሁን? የእኔ መልስ ፒያሳ ዳር ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ያለው እዚያው ነው። ማዘጋጃ ቤትም ቅርብ ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን አርባ የአርመን ልጆች አስታውሱ። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን መዝሙር ዜማ የደረሱ ሰው ናቸው። የአርመኖች ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ከፒያሳ ብዙ አይርቅም። ሙዚቃችን ከዚህ ሰፈር ጋር የቆየ ዝምድና አለው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የአራዳ ልጅ፦
እኔ አልደግፍም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ሰፊ ሰፈር ፈርሷል። በዚያው ዓመት የዓድዋ መታሰቢያ ተከፍቷል፤ ውስጡ ትልልቅ አዳራሾች አሉ። ከድሮዎቹ የእንጨት በረንዳ ያላቸው ቤቶች የቀሩት ጥቂት ናቸው። ጣይቱ ሆቴል እንኳ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2007 በእሳት ተጎድቷል። እዚያው ግቢ የነበረው የጃዝ ክበብ የጠፋው ያኔ ነው። አንድ ግዙፍ አዳራሽ ሲመጣ በዙሪያው ያለው መሬት ይወደዳል። ከዚያ ትንንሾቹ ሙዚቃ ቤቶች ኪራዩን አይችሉትም። ሙዚቃን እናክብር ብለን ሙዚቀኛውን ከሰፈሩ እናስወጣለን ማለት ነው።

የቦሌዋ፦
ሰው እኮ አሁን የሚኖረው ሲኤምሲ፣ አያት፣ ለቡ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከፒያሳ በምን ይመለሳል? ሰፊ ቦታ ካለበት ይሠራ።

ከፋች፦
እህቴ፣ ለቡ ብናደርገውስ የአያት ሰው በምን ይመለሳል? መሃል ከተማ ለሁሉም እኩል ይርቃል። ባቡሩም ምኒልክ አደባባይ ይደርሳል።

ንድፍ ሠሪዋ፦
ሙያዬ ህንፃ መንደፍ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም። ሁላችሁም ስለ ቦታ እያወራችሁ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስንት ወንበር የሚለው ነው እላለሁ። ያለ ማጉያ ለሚሰማ ኦርኬስትራ ድምፁ በደንብ እንዲያስተጋባ አዳራሹ ለአንድ አድማጭ ወደ 10 ሜትር ኩብ አየር ይፈልጋል። 1,500 ሰው ካላችሁ 15,000 ሜትር ኩብ ሆነ። በድምፁ የተመሰገነውና በ1870 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የቪየናው ሙዚክፌራይን ትልቁ አዳራሽ ርዝመቱ 49፣ ስፋቱ 19፣ ከፍታው 18 ሜትር ግድም ነው። በዚህ ላይ ጣሪያውን፣ የማሽን ክፍሉን፣ የመልበሻና የልምምድ ክፍሎቹን፣ የጭነት መኪና መግቢያውን ጨምሩ። ከውጭ ሲታይ እንደ ባለ ስድስት ፎቅ የሚቆም፣ አብዛኛው ግድግዳው መስኮት የሌለው ነገር ይሆናል። ድምፅ እንዳይገባም እንዳይወጣም መስኮት አይፈለግማ። ከአንድ ፎቅና ከሁለት ፎቅ ቤቶች ጎን እሱን አስቡት።

እና የአራዳ ልጅ ስጋትህ ይገባኛል። ግን መፍትሔ አለው። ፒያሳ ተዳፋት ነው። አዳራሹን ወደ ቁልቁለቱ ቆርጦ ማስገባት ይቻላል። ከላይ በኩል አንድ ፎቅ ብቻ ይታያል፣ ትልቁ ሆድ ከታች ይሆናል። የጭነት መኪናው በታችኛው መንገድ ይገባል። ሌላው መንገድ ግዙፉን ህንፃ ትንንሽ ቤቶች እንዲመስል መከፋፈል ነው። በፖላንዷ ሽቼቺን በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ፊልሃርሞኒክ አዳራሽ በጦርነቱ የጠፋው የድሮ ኮንሰርት ቤት በነበረበት ቦታ ነው የቆመው። ጣሪያው ሾጣጣ ሾጣጣ ሆኖ ተደርድሯል፤ የከተማውን ጣሪያዎች ይከተላል። ግድግዳው ግን ነጭ ነው፣ ማታ ያበራል። የድሮ ነገር አልመሰለም፣ ሰፈሩንም አልተጫነም። በ2015 እ.ኤ.አ. የአውሮፓን ትልቁን የሥነ ህንፃ ሽልማት ወስዷል። እኔ የማልፈልገው ድንጋይ ለጥፎ የምኒልክን ዘመን የሚያስመስል ፊት ነው። እውነተኛውን አሮጌ ቤት ያሳንሰዋል።

ከሐምበርግ፦
እዚህ ከምኖርበት ልጨምር። ኤልብፊልሃርሞኒ የሚባለው የከተማችን ኮንሰርት አዳራሽ የተሠራው በ1960ዎቹ በተገነባ የወደብ መጋዘን ላይ ነው። የጡብ ግድግዳውን አስቀርተው ከላዩ መስታወት ጫኑበት። መጀመሪያ ከግብር ከፋዩ 77 ሚሊዮን ዩሮ ይበቃል ተባለ። በመጨረሻ ከሕዝቡ የወጣው 789 ሚሊዮን ሆነ። በ2010 ይከፈታል የተባለው በ2017 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ትልቁ ምክንያት ንድፉ ሳያልቅ ውል መፈረሙ ነበር። ዛሬ ሕዝቡ ይወደዋል፣ ቲኬት ለሌለው ሰው እንኳ 37 ሜትር ላይ ያለው ሰገነት ክፍት ነው። እኛ አገር ግን አሥር እጥፍ የሚከፍል ማን አለ? ስዕሉ ሳያልቅ ቁፋሮ ከተጀመረ እኔ ተቃዋሚ ነኝ።

ማሲንቆ፦
እስካሁን ስለ ኦርኬስትራ ብቻ ሰማሁ። የእኛስ? አዳራሹ በገና የሚደረደርበት ነው ወይስ አይደለም? ይሄ ዋናው ጥያቄ ነው ለእኔ። ለሲምፎኒ ድምፁ ወደ ሁለት ሴኮንድ እያስተጋባ ቢቆይ ያምራል። ከበሮና ቤዝ ጊታር በሞንታርቦ ስትለቅበት ግን ሁሉም ይደባለቃል፣ ግጥሙ አይሰማም። የእኛ ዘፈን ደግሞ ያለ ግጥሙ ምንድን ነው? ሰም እና ወርቁን የሚይዘው ጆሮ መጀመሪያ ቃሉን መስማት አለበት። በገና፣ ክራር፣ ዋሽንት የቅርብ መሣሪያዎች ናቸው። 1,500 ወንበር ላይ በገና ያለ ማይክ ኋላ ላለው አይደርስም። እኔ 500 ወንበር ይበቃል እላለሁ። ግድግዳው ላይ ማስተጋባቱን የሚቀንስ፣ የሚዘረጋና የሚሰበሰብ ወፍራም መጋረጃ ይኑር፤ ባንድ ሲመጣ ይዘርጋ፣ ክራር ሲመጣ ይሰብሰብ። መድረኩም እስክስታ የሚችል የእንጨት ወለል ይሁን፣ ሲሚንቶ ላይ ሴራሚክ አይሁን።

ንድፍ ሠሪዋ፦
ማሲንቆ በትክክል ያልኩትን ነው የምትለው። 500 ወይም 600 ከሆነ ህንፃውም ከሰፈሩ ጋር ይስማማል።

ባለ ብረቱ፦
የረሳችሁት ነገር አለ። ባቡሩ ጊዮርጊስ አካባቢ ከመሬት በታች ነው የሚያልፈው። ንዝረቱ በመሬት ውስጥ ይመጣል። በበርሚንግሃም በ1991 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሲምፎኒ ሆል የባቡር ዋሻ አጠገብ ስለሆነ ህንፃው በጎማ ትራስ ላይ ነው የተቀመጠው። የሐምበርጉም አዳራሽ በ362 የስፕሪንግ ጥቅሎች ላይ ነው ያረፈው። ይሄ ከመሠረቱ ጋር ካልገባ በኋላ አይጨመርም። ቁፋሮው ከዋሻው ምን ያህል እንደሚርቅ ሳይለካ ቦታ አይመረጥ።

የድሮ ሰው፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ ማታው ታወራላችሁ። ቀን ቀንስ? አዳራሽ ጠዋት ተዘግቶ የሚውል ከሆነ ለመንገዱ ሸክም ነው። የያሬድ ተማሪ መጥቶ የሚለማመድበት ክፍል ይኑር። መንገድ ዳር ያለው ወለል ሻይ ቤት፣ መጽሐፍ ቤት፣ ካሴትና ሸክላ የሚሸጥበት ይሁን። ደግሞ አዲስ መሥራት ግድ ነው ወይ? ብሔራዊ ቴአትርን ጣሊያን ሲኒማ ብሎ ነው የጀመረው። እኛ ጨርሰነው በ1948 ለኢዮቤልዩ ተከፈተ። የተጀመረን ቤት ለሙዚቃ ማዋል በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም።

የአራዳ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የእርስዎ ሐሳብ ከሆነ እኔም አልቃወምም። ግን አንድ ነገር በጽሑፍ ይግባ። ለዚህ አዳራሽ ተብሎ አንድም የቆመ ቤት አይፍረስ። ክፍት መሬት አሁን ሞልቷል። ከሰፈሩ ለተነሱት ሰዎችም ሱቆቹ ሲከራዩ ቅድሚያ ይሰጥ።

ከፋች፦
ጋሼ፣ አሮጌ ቤት ለማደስ ከተገኘ ደስ ይለኛል። ግን ለቴአትር የተሠራ ጣሪያ ዝቅ ያለ ከሆነ ንድፍ ሠሪዋ ያለችው አየር ከየት ይመጣል? እኔ አዲስ ይሠራ በሚለው እጸናለሁ። የአራዳ ልጅ ያለው ይግባ። ንድፉ በይፋ ውድድር ይመረጥ፣ ስዕሎቹም ማዘጋጃ ቤት ተሰቅለው ሰው አይቶ አስተያየት ይስጥ። ወንበሩን 800 ብናደርገውስ? በ500 ቲኬቱ ይወደዳል፣ ተማሪ አይገባም።

ማሲንቆ፦
800 ላይ አልስማማም ወንድሜ። የቲኬቱን ዋጋ ከተማው ይደጉም። ቤተ መጻሕፍት በመግቢያ ገንዘብ አይደለም የሚተዳደረው።

የቦሌዋ፦
ከተማው በየዓመቱ የሚደጉም ከሆነ ስንት እንደሆነ አሁኑኑ ይነገረን። እሱን ሳልሰማ ፒያሳም ለቡም አልልም።