ለማሸጊያ ማሽን ፒኤልሲ፦ ሪሌይ አውትፑት ይሻላል ወይስ ትራንዚስተር?

የቦርከናው (ኮምቦልቻ)፦ ሰላም ናችሁ? የምሠራበት ዱቄት ፋብሪካ የማሸጊያው ፒኤልሲ (ማሽኑን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር) ተቃጥሎ በሲመንስ ኤስ7-1200፣ ሲፒዩ 1214ሲ ልንተካው ነው። አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ «ባለ ሪሌዩን ነው ባለ ትራንዚስተሩን የምልክልህ?» ይለኛል፤ አውትፑቱን ሪሌዩ በሚነካካ ብረት፣ ትራንዚስተሩ ያለ ተንቀሳቃሽ አካል ነው የሚያበራው። ጆንያ የሚይዘው ባለ 24 ቮልት ዲሲ፣ 5 ዋት ሶሌኖይድ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ የሚከፈት) በ6 ሰከንድ አንዴ ይሠራል፣ በቀን 16 ሰዓት። ኮይላቸው 220 ቮልት የሆነ ሦስት ኮንታክተሮች (የሞተር ማብሪያዎች) አሉ። ሴንሰሮቹ ከድሮው ማሽን የተረፉ ኤንፒኤን (ሲያዩ ኢንፑቱን ከዜሮ ቮልት ጋር የሚያገናኙ) ናቸው። የሲሎው ደረጃ መለኪያ ደግሞ 4–20 ሚሊ አምፔር ነው። ኮንታክተሮቹን በቀጥታ ስለሚያስነሳልኝ ልቤ ወደ ሪሌዩ አድልቷል።

ጦሳ፦ አብሽር፣ ግን ቫልቭህን አስላው። በደቂቃ 10፣ በቀን 9,600 ጊዜ ነው። የዚህ ሲፒዩ ሪሌይ ያለ ጭነት 10 ሚሊዮን ጊዜ፣ በሙሉ ጭነት 100,000 ጊዜ እንዲሠራ የተሠራ ነው። ምንም ሳይሸከም እንኳ ሦስት ዓመት አይሞላም። ትራንዚስተሩን ውሰድ፤ አንዱ አውትፑት 0.5 አምፔር ይችላል፣ ያንተ ቫልቭ የሚፈልገው 0.2 ገደማ ነው። ቫልቩ ሲጠፋ የሚመጣውን የቮልቴጅ ምት እንዲያጠፋ ጫፉ ላይ ዳዮድ ማሰር እንዳትረሳ፣ ነጩ መስመር ወደ ፕላስ።

የደሴ ኤሌክትሪሽያን፦ ኮንታክተሮቹስ? ትራንዚስተሩ 220 አይነካም። ደግሞ ባለ ሪሌዩ በቀጥታ 220 የሚገባለት ዓይነት አለው፤ ለሌላው ፓወር ሰፕላይ ሊገዛ ነው።

ጦሳ፦ ጋሼ፣ ቫልቩ 24 ስለሆነ ሰፕላዩ ፓነሉ ውስጥ መኖሩ አይቀርም፤ አቅሙን ብቻ ይይ። ለኮንታክተሮቹ ሦስት ባለ ሶኬት ሪሌይ በመሀል ይግባ። ያ ሲበላሽ ነቅሎ መተካት ነው፣ የሲፒዩው ሲበላሽ ግን ካርዱን ፈቶ ብየዳ ነው።

የደሴ ኤሌክትሪሽያን፦ ይሁን፣ በሱ ተስማማሁ። ሴንሰሮቹን ግን አደራ። 14ቱም ኢንፑቶች የሚጋሩት አንድ ኮመን ነው፣ 1ኤም የተባለው። ለኤንፒኤን እሱን ከፕላስ 24 ጋር ታገናኛለህ፤ ከዚያ በኋላ ፒኤንፒ (ከፕላስ ጋር የሚያገናኝ ሴንሰር) ደባልቀህ ልታስገባ አትችልም፣ የስታርት ቁልፍህም ከዜሮ መምጣት አለበት። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ዜሮው ከግራውንድ ከታሰረ፣ ተልጦ ብረት የነካ ሽቦ «ጆንያ አለ» ብሎ ያነባል። የማሸጊያ ማሽን ሲንቀጠቀጥ ሽቦ እንዴት እንደሚበላ ታውቀዋለህ። በጀት ካለ በፒኤንፒ ለውጣቸው፣ ኮመኑም ወደ ዜሮ ይሂድ።

የቦርከናው፦ እሺ ጋሼ፣ ሴንሰሩን እንለውጣለን። የሲሎውስ? ለአንድ መለኪያ አናሎግ ሞጁል ልግዛ?

ጦሳ፦ ሲፒዩው ላይ ሁለት አናሎግ ኢንፑት አለ፣ የሚያነቡት ግን 0–10 ቮልት ብቻ ነው። 500 ኦም ሬዚስተር በኢንፑቱና በኮመኑ መካከል ብታስር 2–10 ቮልት ይሆንልሃል። ሲፒዩው በቁጥር ሲያነበው 2 ቮልት 5,530 ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች ካነበበ ከ4 ሚሊ አምፔር ወርዷል ማለት ነው፤ በደንብ ከወረደ አላርም ስጠው፣ ሽቦ ተቆርጧል። ለአንድ ሲሎ ይበቃል፤ ቁጥሩ ለሂሳብ የሚያዝ ከሆነ ግን ሞጁሉን ግዛ።

የቦርከናው፦ 500 ኦም እዚህ ሱቅ የለም።

ጦሳ፦ ሁለት 1 ኪሎ ኦም ባለ 1 ፐርሰንት በፓራለል እሰር።