ከመምህርነት ወደ ማኅበረሰብ ተሳትፎ ዳይሬክተርነት፦ የመጀመሪያው ዓመት በምን ይጀመር?

አዲስ ተመዳቢ

ጤና ይስጥልኝ። ከመምህርነት ወደ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ተሳትፎ ዳይሬክተርነት የሚዛወር ሰው የመጀመሪያዎቹን 12 ወራት በምን ቢጀምር ይሻላል? ኃላፊነቱ ሁለት ነው፦ በአካባቢው ካሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጋር መሥራት፣ እንዲሁም ከድሃ ቤተሰብ ወይም ከገጠር የመጡ ወይም አካል ጉዳተኛ የሆኑ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲጨርሱ ማድረግ። ሠራተኛው ሦስት ሰው፣ በጀቱ ትንሽ ነው። ከበላይ በኩል ደግሞ በሦስት ወር የሚታይ ነገር ይፈለጋል። ከትምህርት ቤቶቹ ጋር የሚደረገው ስምምነት እንዴት እንደሚጻፍ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የትምህርት ቤት ልጆችን የሚያስጠኑበት ሥራ እንዴት እንደሚደራጅ፣ ውጤቱ በምን እንደሚለካ፣ መንገዱስ ለሥራ እድገት ያዋጣ እንደሆነ የምታውቁ ብትጽፉልኝ።

የመግባቢያ ሰነድ

የሦስት ወሩን ግፊት በዝግጅት አይመልሱት። ባነርና ቲሸርት ታትሞ፣ ንግግር ተደርጎ፣ ፎቶ ተነሥቶ ሲያበቃ ትምህርት ቤቱ የቀረለት የባከነ የትምህርት ቀን ነው። ለበላይ አካል የሚታይ ነገር ካስፈለገ የተፈረመ ስምምነትና የመነሻ መረጃ ያቅርቡ።

መጀመሪያ የራስን ቤት መቁጠር ይቀድማል። የትኛው ትምህርት ክፍል የት ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ለምን፣ ከማን ጋር፣ እስከ መቼ፣ በማን ገንዘብ፦ አንድ ገጽ ቅጽ፣ አምስት ጥያቄ፣ ስድስት ሳምንት። አንድ ርዕሰ መምህር ከአንድ ዩኒቨርሲቲ በወር ሦስት የማይተዋወቁ ደብዳቤዎች ከደረሱት አራተኛውን አያነበውም።

ቀጥሎ ማዳመጥ ነው፣ የፕሮጀክት ሐሳብ ሳይዙ። ርዕሰ መምህሩን፣ መምህራኑን፣ ወላጆችንና ተማሪዎችን ለየብቻ ያነጋግሩ፤ መምህር አለቃው ፊት የሚለውና ለብቻው የሚለው ብዙ ጊዜ አይገጥምም። የሰሙትን በአንድ ገጽ ጽፈው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሱላቸው፣ እነሱም ያርሙት። ይህችን ገጽ የሚመልስ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ነው፤ አመኔታ የሚጀምረው ግን እዚያ ላይ ነው።

አሜሪካዊቷ የፖሊሲ ባለሙያ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣችው፣ ሕዝብ በውሳኔ ላይ ያለውን ድርሻ የሚያሳየው የተሳትፎ መሰላል 8 ደረጃ አለው። ማሳወቅ ሦስተኛው፣ ማማከር አራተኛው ሲሆን ሽርክና የሚመጣው ስድስተኛው ላይ ነው። ኮሚቴ ሲያቋቁሙ የማኅበረሰቡ ተወካዮች በጀትና መርሐ ግብር የማስለወጥ ድምፅ እንዳላቸው ይጠይቁ። ከሌላቸው ሥራው ማማከር ነውና በስሙ ይጠራ።

በስምምነቱ ውስጥ የማይቀሩት፦ የሁለቱም ወገን ተጠሪ፤ ተጠሪው ሲቀየር በስንት ቀን እንደሚተካ (10 የሥራ ቀን በቂ ነው)፤ የተማሪዎችን መረጃ ማን እንደሚያይና መቼ እንደሚወገድ፤ አንዱ ወገን ቢያቋርጥ የተጀመረው ሴሚስተር እንዴት እንደሚያልቅ፤ ደግሞም የማስጠኛ ክፍሉን ማን እንደሚከፍት። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። ቁልፍ ያዡ ወደ ቤቱ ሄዶ 12 ልጆች ደጅ ላይ ከቆሙ በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጡት 6 ናቸው፣ በሦስተኛው ማንም የለም። ቁልፍ የሚይዙ ሁለት ሰዎች በስም ይጻፉ።

ጠመኔ

ስለ ማስጠናቱ። ውጤት የሚያመጣው በሳምንት ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ ከ30 ደቂቃ በላይ፣ ከ3 ወይም ከ4 ተማሪ ባልበለጠ ቡድን፣ በማይቀያየር አስጠኚ፣ በትምህርት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ለ40 ልጅ የሚሰጠው ሌላ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ከመሆን አያልፍም።

ሒሳቡ ይኸው፦ 36 ተማሪ በ3 ሲመደብ 12 ቡድን። በሳምንት ሦስት ጊዜ 36 ክፍለ ጊዜ። አንድ አስጠኚ ሁለት ቡድን ቢይዝ 6 አስጠኚ፣ ሲታመሙና ሲቀሩ የሚተኩ 2 ሲጨመሩ 8። ይህንን አንድ አስተባባሪ በሚገባ ይመራዋል። በ36 ጀምሮ ሳያቋርጡ መጨረስ በ300 ጀምሮ ከመበተን እጅግ ይሻላል።

ምዝገባውን በፈቃደኝነት ብቻ ካደረጉት የሚመጡት ድሮም የሚያልፉት ናቸው። ካለፈው ሴሚስተር ውጤት ተነሥተው ከመምህራኑ ጋር ይምረጡ። ፈላጊው ከቦታው ከበለጠ ዕጣ ያውጡ፤ ፍትሐዊ ነው፣ በኋላም ለማወዳደር ይጠቅማል።

ለአስጠኚዎቹ ከመጀመራቸው በፊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል። የሕፃናት ጥበቃ ደንብ ይግባበት፤ ልጅ ጥቃት ደርሶበት ቢናገር በዚያው ቀን ለማን እንደሚነገር በጽሑፍ ይያዙ። የቀረው ጊዜ ስሕተት ማንበብን መለማመድ ነው። ልጁ አንድ ሁለተኛን ከአንድ ሦስተኛ ደምሮ ሁለት አምስተኛ ቢል ያልሠለጠነ አስጠኚ ቶሎ ትክክለኛውን ይጽፍለታል። የሠለጠነው ግን «ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ይላል። ልጁ ሲያስበው ደምሮ ያገኘው ከጀመረበት ያነሰ መሆኑ ይታየዋል፣ ራሱም ያፈርሰዋል።

ከሁሉ በላይ ሥራውን የሚገድለው የቀን አቆጣጠሩ ነው። አስጠኚዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ የእነሱ ፈተና ከትምህርት ቤቱ ፈተና ጋር ሲገጥም ልጆቹ በጣም በሚፈልጓቸው ሁለት ሳምንታት ይጠፋሉ። ሴሚስተሩ ሳይጀመር ሁለቱን ካላንደር ጎን ለጎን አስቀምጠው የሚጋጩትን ቀኖች በቀይ ያስምሩ፤ ተተኪዎቹንም ለዚያን ጊዜ ይያዙ።

ሬጅስትራር

ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ፤ ግን ማስጠናት የት ላይ እንደሚጠቅም ሳይታወቅ ገንዘብ አይፍሰስበት። ተማሪ የሚያልፍባቸውን ስድስት በሮች ይቁጠሩ፦ ማመልከት፣ ተቀባይነት ማግኘት፣ መመዝገብ፣ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ማለፍ፣ ወደ ሁለተኛ ዓመት መሻገር፣ በጊዜው መመረቅ። ያለፉትን 5 ዓመታት በጾታ፣ በገጠርና ከተማ፣ በወላጅ የትምህርት ደረጃ፣ በአካል ጉዳት ለይተው ያውጡ። ከዚያ መለያዎቹን አጣምረው ይዩ፤ የሴቶቹ አማካይ ደህና ሆኖ የገጠር ሴቶች ብቻ ወደ ኋላ የቀሩበት ብዙ ጊዜ አለ። ከ10 በታች የሆነ ቡድን ለብቻው አይታተም፣ ልጆቹ ይታወቃሉ፤ የሁለት ሦስት ዓመቱን ማጣመር ይቻላል።

ለምሳሌ ተቀባይነት ካገኙ 100 ተማሪዎች 78 ተመዝግበው ከእነሱ 70 ሴሚስተሩን ቢያልፉ፣ ትልቁ ቀዳዳ ያለው ከምዝገባ በፊት ነው። 22ቱን የትኛውም ማስጠናት አይመልሳቸውም። እዚያ የሚሠራው ስልክ መደወል፣ ቅጽ አብሮ መሙላትና የትራንስፖርትና የማደሪያ ጥያቄን አስቀድሞ መመለስ ነው።

ሌላው ቀዳዳ የምዝገባ እገዳ ነው። ያልተመለሰ አንድ መጽሐፍ ወይም ትንሽ ቀሪ ክፍያ ሲስተሙ ላይ ተማሪውን ይዘጋዋል። ድሃው ተማሪ ተሟግቶ አያስከፍተውም፤ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ መዝገቡ ላይም «በራሱ ፈቃድ አቋረጠ» ተብሎ ይሰፍራል። ምዝገባ ሊዘጋ 10 ቀን ሲቀረው የታገዱትን ዝርዝር ከሬጅስትራር ይጠይቁና እያንዳንዱን ያነጋግሩ። ለትንሽ ዕዳ እገዳው እንዲቀር ደንብ ያስወጡ። የአስቸኳይ ጊዜ ድጋፍ ካለ ማመልከቻው አንድ ገጽ፣ መልሱ በ48 ሰዓት ይሁን፤ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ የሚጠብቅ ድጋፍ ልጁ ከሄደ በኋላ ነው የሚደርሰው።

ለአካል ጉዳተኞች ፍላጎቱ የሚጠየቀው ምዝገባ ላይ ነው፣ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ አይደለም። ብሬይልና የድምፅ ንባብ ለማዘጋጀት ሳምንታት ይወስዳል። የፈተና ተጨማሪ ሰዓት በሴኔት ደንብ ይጻፍ፤ ተማሪው በየመምህሩ ቢሮ እየዞረ መብቱን የሚለምንበት አሠራር ሊቀር ይገባል።

ሴኔት

ስለ ሥራ እድገት። ቢሮው ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ አስቀድመው ይዩ። በሕዝብ ግንኙነት ሥር ከሆነ የዝግጅት ክፍል ይሆናል። በአካዳሚክ ጉዳዮች ሥር ከሆነ ግን የተማሪ መረጃና የሴኔት ወንበር አብሮት ይመጣል። ሹመቱን ከመቀበልዎ በፊት የሚደራደሩበት ነጥብ ይኸው ነው፤ ከተቀበሉ በኋላ ማስለወጡ ዓመታት ይፈጃል። ሁለተኛው ነጥብ ደመወዝ ነው፦ ቢያንስ የአስተባባሪው ከመደበኛ በጀት ይከፈል። በፕሮጀክት ገንዘብ ብቻ የቆመ ቢሮ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሰዎቹንም፣ ከትምህርት ቤቶቹ ጋር ያለውን ትውውቅም ያጣል።

መምህራን የማይመጡት ደንታ ስለሌላቸው አይደለም፣ በማዕረግ እድገት ስለማይቆጠርላቸው ነው። አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ኧርነስት ቦየር እ.ኤ.አ. በ1990 የምሁርን ሥራ በግኝት፣ በማዋሐድ፣ በተግባር ማዋልና በማስተማር ከከፈለ ወዲህ ክርክሩ ጥሩ መሠረት አግኝቷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለማኅበረሰብ ሥራቸው ዕውቅና ለሚጠይቁ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው የካርኔጊ የማኅበረሰብ ተሳትፎ ምደባም ዩኒቨርሲቲውን ስለ እድገት መመሪያው፣ ስለ ቋሚ በጀቱና ማኅበረሰቡ ስለ ዩኒቨርሲቲው ያለውን አስተያየት እንዴት እንደሚሰበስብ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሴኔት ይዞ መግባት ከልመና ይሻላል። መመሪያው ላይ የሚጨመረው አንቀጽ አጭር ይሁን፦ የማኅበረሰብ ሥራ ግልጽ ጥያቄ፣ ተገቢ ዘዴ፣ የተመዘገበ ውጤትና የውጭ ገምጋሚ ካለው እንደ ምርምር ይቆጠራል። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ከአጋር ትምህርት ቤት ይሁን።

አዲስ ተመዳቢ

በጣም አመሰግናለሁ። ለአስጠኚዎቹ ይከፈል ወይስ በነጻ ይሥሩ?

ጠመኔ

ይከፈል፣ ወይም ክሬዲት ይሰጥ። በነጻ ካሉ ሥራውን የሚችሉት ገንዘብ የማያስቸግራቸው ብቻ ይሆናሉ። ከድሃ ቤተሰብ መጥቶ ፈተናውን ያለፈው ተማሪ፣ ልጆቹን በደንብ የሚያውቃቸው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ውጭ ይቀራል። ክፍያው በየወሩ በታወቀ ቀን ይድረስ። ፋይናንስ የሚፈልገው የሰዓት መቆጣጠሪያ ቅጽ ከሥልጠናው ጋር አብሮ ይታደል፤ ቅጹ ዘግይቶ የመጀመሪያው ክፍያ ከተጓተተ ሰው መልቀቅ የሚጀምረው በሁለተኛው ወር ነው።